ለቀለበቷ የኳልኩት ዓይን

በኔ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴት ስልኳን በእጇ ትይዛለች። ዓይኗን ጨፍናም ቢሆን ትይዛለች፤ ከጠራም ታነሳለች። በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ ደህና የሄደ የዓይን ቀለም ተበላሽቶብኝ ከሀ ጀምሬያለሁ፤ ስንት ጊዜስ በልቤ "ኧረ ይቺን ሴትዮ አንድ በሏት!" ብያለሁ። ቢሆንም አልከለክልም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች "አንቺ እኮ ስልክ ካላነሳችሁ ብለሽ ልትቆጪ ምንም አልቀረሽም" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ ያኔ አልነበሩም።

ድሮ ሕጌ ሌላ ነበር። ደንበኛዬ ገና ከመቀመጧ "ስልክሽን ወዲህ በይ" እላለሁ፤ ተቀብዬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ሥራዬን ስጨርስ እመልስላታለሁ። የምታኮርፍ ታኮርፍ ነበር እንጂ የምትከራከረኝ አልነበረችም። "ቁጡ ናት፣ እጇ ግን ወርቅ ነው" ይሉኛል። ሁለቱም እውነት ነው። አንድ አባት የልጁን ድምፅ ሳይሰማ የሞተው በዚያ ሕጌ ነው። ልጅቷ ደግሞ ጓደኛዬ ነበረች። እንግዲህ ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ሳሎናችን ካዛንቺስ ነው፤ ከፈረሰው የተረፈው መስመር ላይ። ፊት ለፊታችን የነበረው ሰፈር ተነስቶ ቆርቆሮ ታጥሮበታል። የድሮ ደንበኞቻችን ከተማው ዳር ዳር ተበትነዋል፤ ያም ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ታክሲ ቀያይረው ይመጣሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማታ ፊት የምንሠራበት ቀን ነው። እራት የተጋበዘችው፣ ሚዜዋ፣ መስቀል ፍላወር ሆቴል ውስጥ እንግዳ የምትቀበለው፣ ሁሉም ባንድ ሰዓት ነው የሚጎርፉት። የሚጠይቁኝም አንድ ነገር ነው፤ "ዓይኔን ስሞኪ አድርጊልኝ፣ ጠቆር ይበል።"

ሥራው ከሩቅ ላየው ጥቁር መለቅለቅ ይመስላል። አይደለም! ጥቁሩ መጨረሻ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የቆዳዋን መልክ የያዘ ቀለም የዓይኗ ሽፋን ላይ ይቀባል። ከዚያ ቡናማው፣ ዓይን ሲገለጥ በሚታጠፍበት ጎድጓዳ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ ጠቆር ያለው ቡናማ፤ ጥቁሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ከውጭው ጠርዝ ተነስቶ ወደ ውስጥ ይገባል። በየመሃሉ ንጹሕ ብሩሽ ይዞ ማዞር ነው፤ ሳይጫኑ፣ ሳይጣደፉ፣ አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ እስኪጠፋ ድረስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስለኛል። በጥድፊያ የተሠራ የማታ ዓይን ቡጢ የቀመሰ ዓይን ነው የሚመስለው። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ዓይን መጨፈን አለበት። ስልክ ላይ የምታፈጥ ሴት ዓይኗን ትገልጣለች፤ ስትገልጥ ያልረጋው ጥቁር ቅንድቧ ሥር ታትሞ ቁጭ ይላል።

ጓደኛዬ አጠገቤ ባለው ወንበር ሹሩባ ትሠራ ነበር። የመጣችው ከወሎ ነው፤ ከደሴ አለፍ ብላ ካለች ትንሽ የገጠር ከተማ። የምትኖረው ቂርቆስ፣ አክስቷ ቤት ነበር። እናቷ ጡት ሳታስጥላት ስለሞተች ያሳደጓት አባቷ ናቸው። ሌላ ሚስት አላገቡም። የልጃቸውን ፀጉር የሚሠራ ሰው ሲያጡ ራሳቸው ቁጭ ብለው ሹሩባ ተማሩ። ወንድ ልጅ፣ ያውም ገበሬ፣ ሴት ልጅ ጭኑ መሃል አስቀምጦ ፀጉር ሲጎነጉን የአገሩ ሰው አይቶ አያውቅም፤ ሳቁባቸው፣ ስም አወጡላቸው። "ይሳቁ፤ አንቺ ብቻ ራስሽን አታነቃንቂ" ይሏት ነበር አሉ።

እሷ የምትሠራው ሹሩባ ከግንባር ተነስቶ ወደ ኋላ ሲሄድ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። መጀመሪያ ሳየው "ተጣሞብሻል እኮ" ብያት ነበር። "የአባዬ እጅ ነው፤ እሱ እንደዚህ ነበር የሚሠራልኝ" አለችኝና ሳቀች። ደንበኞቹም እየቆዩ እሱን እየለመኑ መጡ። ወሬዋ ሁሉ "አባዬ" ነበር። ፊደል ስላልቆጠሩ ስልክ የምትደውልላቸው ጎረቤታቸው የሆነች ሴትዮ ነች። እሁድ እሁድ ይደዋወላሉ፤ እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ እጇን በአፏ ዙሪያ ጋርዳ፣ በሳሎኑ ጫጫታ ላይ እየጮኸች።

እኔን "ኮማንደር" ነበር የምትለኝ፣ ደንበኞቼን ስለማዛቸው። ራሷ ግን አንድም ቀን ተኩላ አታውቅም። "ለቀለበቴ አንቺ ታደርጊልኛለሽ፤ ያን ጥቁሩን፣ ሰው የሚያስደነግጠውን" ትለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትለኝ ኖራ ቀለበቷ ደረሰ። ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ከጅማ ይመጣሉ። አባቷ እግራቸውን ስለሚያማቸው ለሠርጉ እንጂ ለቀለበቱ አልችልም ብለዋል፤ ግን ቀለበቱ ሳይጠለቅ በስልክ እመርቅሻለሁ ብለዋታል። ቀለበቱንም፣ ድግሱንም፣ ሙሽራውንም አንድ ላይ ብታስቀምጡላት የጓጓችው ለዚያ ምርቃት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ካልተናገርኩ የሠራሁት ሥራ አይገባችሁም። የእናቴን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ስታዲየም ጋ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ። አንድ የዘመድ ልጅ ደወለና፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳይለኝ፣ "እንግዲህ ጠንከር በይ፣ እናትሽ አርፋለች" አለኝ። በቃ። እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ወደቅኩ። ካልሲ የምትሸጥ ሴት ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ውኃ ረጨችብኝ። ሰው ከቦኝ "የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት ጫሩላት" ይባባላል። አንድ እግር ጫማዬ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በአንድ እግር ጫማ ነው ቤቴ የገባሁት።

መርዶ ለምን ሥርዓት እንዳለው ያን ቀን ገባኝ። ጎህ ሲቀድ፣ በገዛ ቤቱ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጎረቤት ደጅ ላይ ቆሞ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው ለሰው ሞት የሚነገረው። በስልክ አይደለም፣ መንገድ ላይ አይደለም። ያን የዘመድ ልጅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። እኔ ባለሁበት እንዲህ ያለ ነገር በማንም ላይ እንዳይደርስ ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር።

የቀለበቱ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አክስቷ ሳሎኑ ደጅ መጥተው በእጃቸው ጠሩኝ። የአባቷ ታናሽ እህት ናቸው። ጓደኛዬ ከውስጥ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር፤ አላየቻቸውም።

"ዛሬ የምታሳምሪያት አንቺ ነሽ አይደል ልጄ?" አሉኝ።

"አዎ እትዬ፤ ምነው?"

"ጠዋት ከአገር ቤት ተደውሎልኝ ነበር። ወንድሜ..." አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ዓይናቸው ቀልቷል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለሽማግሌዎቹ ተናግሬያለሁ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። እስከዚያ ድረስ ከአገር ቤት ስልክ እንዳታነሳ። አደራ! ስልኳን ተቀበያትና ልወስዳት ስመጣ ለኔ ትሰጪኛለሽ። ሰዉ ከጅማ ድረስ መጥቷል። ዛሬን እንኳ ትሳቅ።"

አልጠየቅኳቸውም። መቼ ነው፣ ምን ሆነው ነው፣ ምንም አላልኩም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ ሽማግሌ ለንጋት ከተጠራ አለቀ፣ የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ለሞት ግን የሚሠራ አልመሰለኝም። "እግዜር ያጽናዎት" ልላቸው ስል "እስስ!" ብለው በዓይናቸው ወደ ውስጥ አመለከቱኝ። "እሺ እትዬ፣ አይዞዎት" ብዬ ገባሁ። ስገባ አባቷን በልቤ ቀብሬ ነበር።

ጓደኛዬ ፎጣ ጠምጥማ እየሳቀች ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። "ኮማንደር፣ ዝግጁ ነኝ" አለችኝ። ንጹሑን ብሩሽ ሁሉ ደግሜ እያጸዳሁ ቆየሁ። ስልኳን ሳልጠይቃት አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሕጌን ታውቃለች። ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረገችና "አባዬ ሊደውል ነው፤ ሲጠራ ትሰጪኛለሽ እሺ? ለሱ ብቻ" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ዓይኗን ጨፈነች። ያን ቀን የሠራሁትን ያህል በጥንቃቄ የሠራሁት ዓይን የለም። ቡናማውን በጣም በቀጭኑ ሰጠሁት። ሽፋኗ ላይ ቀይ ደም ሥሮች ይታዩ ነበር፤ ከጉጉት የተነሳ እንቅልፍ አላገኘችም። ነገ ጠዋት በዚህ ዓይን ነው የምታለቅሰው እያልኩ አዞርኩ። እንዲያውም ጥቁሩን የመረጥኩት በዚያ ሐሳብ ነው። ሁለት ዓይነት ጥቁር አለኝ፤ አንዱ በውኃ የሚለቅ፣ ሌላው ውኃ ቢያፈሱበት የማይነቃነቅ። ምናልባት ማታ ከሰው አፍ አምልጦ ብትሰማ፣ በሰው መሃል ፊቷ ጥቁር እንዳይወርድበት ብዬ የማይለቀውን አነሳሁ። በጎ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር እኮ!

አሥር ሰዓት አካባቢ፣ የግራ ዓይኗን ጥቁር እያዋሃድኩ ሳለ ስልኩ ሽርጤ ውስጥ ነዘረ። በግራ እጄ አወጣሁት። "አባዬ" ይላል።

የሞተ ሰው ስልክ ነው የመሰለኝ። ከዘመድ አንዱ፣ አፉን መያዝ ያቃተው፣ የሟቹን ስልክ አንስቶ መርዶ ሊያረዳት ነው ብዬ ደመደምኩ። የዚያ የዘመድ ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ "እንግዲህ ጠንከር በይ።" አንተ የማትረባ፣ በኔ እጅ ላይ ሆና አይሆንም አልኩ በልቤ። ድምፁን አጠፋሁትና ኪሴ መለስኩት።

እንደገና ነዘረ።

"ስልክ ነው?" አለች ሽፋኗ እየተርገበገበ። "አባዬ ነው?"

"የኔ ነው" አልኳት። "ዓይንሽን ጨፍኚ!"

"እሺ ኮማንደር፣ እሺ፣ አትቆጪ" አለችና ጥርቅም አድርጋ ጨፈነች።

ሦስተኛ ጊዜ ነዘረ። ይሄኛው ረዥም ነበር። ጭኔ ላይ እስኪያቆም ድረስ ብሩሹን አየር ላይ ይዤ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ጸጥ አለ። ሽፋኑ መሃል ላይ ወርቃማውን በጣቴ ጫፍ አስቀመጥኩላት፤ ሽፋሽፍቱን በሙጫ ለጠፍኩ፤ ኩሉን ከውስጥ አስገባሁ።

ዓይኗን ገልጣ መስታወት ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ጥልቅ፣ እውነትም ሰው የሚያስደነግጡ ሆነው ነበር። ቀለሙ የት እንደጀመረ፣ የት እንዳለቀ እኔም ራሴ መለየት አልችልም። "ይሄ እኔ ነኝ? አንቺ ውሻ፣ ይሄን ደብቀሽ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቀመጥሽኝ?" ብላ አቀፈችኝ። ወዲያው "ስልኬስ? አልደወለም?" አለች።

አክስቷ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። የሽፋሽፍቱ ሙጫ እስኪደርቅ ጨፍና ሳለች ስልኩን ሰጥቻቸዋለሁ። "ባትሪው አልቆ እኔ ጋ ነው፣ ቤት ሄዶ ቻርጅ ይደረጋል። ነይ፣ መኪናው ቆሟል" አሏት።

ቀለበቱ ደመቀ። ከመጠለቁ በፊት የአክስቷን ክንድ ይዛ "አባዬ ሳይመርቀኝ? በናንተ ስልክ እንደውልለት እንጂ" ስትል ሰማኋት። "ኔትወርኩ አስቸግሯል፤ ነገ ጠዋት ሁላችንም አብረን እንደውላለን" አሏት። እሷም አመነች። ማን ይጠረጥራል? ቀለበቱ ሲገባ ጭብጨባ ሆነ፣ እልልታ ሆነ፣ እኔም እልል አልኩ። ሰው እየመጣ "ዓይንሽን ማን ሠራልሽ?" ሲላት እየጠቆመች ታሳየኝ ነበር። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኛል፤ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም። ስንለያይ "አላስለቅቀውም፤ በጀርባዬ ተኝቼ ጠዋት ደግሞ አየዋለሁ" አለችኝ።

በማግስቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቂርቆስ ደረስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ጥጥና ዘይት ይዣለሁ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አክስቷ ጥቁር ለብሰው በር ከፈቱ። እሷ በነጭ የሌሊት ልብስ፣ ዓይኗ እንደተኳለ፣ አንድም ሳይበላሽ፣ ከመኝታ ክፍሏ ወጣች። ሽማግሌዎቹን አየች፣ አክስቷን አየች፣ እኔን አየች። ገና ማንም አፉን ሳይከፍት "አባዬ!" ብላ ጮኸች።

እንደታሰበው ያዝናት። እንደታሰበው ጎረቤቱ ገባ። ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ሲረጋጋ፣ "ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው ያረፈው፤ አልተሰቃየም" አሉ።

ማታ አንድ ሰዓት?

አክስቷን ጎትቼ ወደ ጓዳ አስገባኋቸው። "እትዬ፣ ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ... ሞተዋል አላሉኝም እንዴ?"

ፍጥጥ ብለው አዩኝ። "ሞቷል ብዬሻለሁ? ሌሊቱን አያድርም ነው ያሉኝ። ብነግራት ቀለበቱን ጥላ ትሮጣለች፤ ብትሮጥም አትደርስበትም። ለዚህ ብዬ ነው ለንጋት ያልኩት።" ከዚያ ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፣ "ምነው? ምን ሆነሻል?" አሉኝ። አሥር ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ መደወሉን አልነገርኳቸውም።

ዓይኗን ላስለቅቅ ተቀመጥኩ። ጥጡን በዘይት እየነከርኩ ጠረግኩ፤ ወርቁ ሄደ፣ ቡናማው ሄደ፣ ሽፋሽፍቱ ወለቀ፣ ጥቁሩ ግን አሻፈረኝ አለ። እንባዋ በላዩ ላይ ይወርዳል፣ ጥቁሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ብጫን ቆዳዋ ቀላ። መኪናው ይጠብቃል። "ተዪው" አሉ አክስቷ፤ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ሸፈኑላትና ወጣን።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ከደብረ ብርሃን እንዳለፍን ስልኳን ጠየቀች። አክስቷ እያመነቱ ሰጧት። ከፈተችው። ለረዥም፣ በጣም ለረዥም ጊዜ አየችው።

"ሦስት ጊዜ ደውሏል" አለች ለራሷ ይመስል። "አሥር ሰዓት ላይ።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን "ድምፁ ጠፍቶ ነበር መሰለኝ፣ አልሰማሁም" የሚል ነው። ዞር ብላ አላየችኝም። ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ እስከ መጨረሻው በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ሄደች።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስን። እስከ ስምንት ሰዓት ጠብቀዋት፣ መንገዱ አይታወቅም ብለው ቀብረዋል። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። በላዩ ላይ ወደቀች፤ ነጠላዋ ከራሷ ወረደ። ሴቶቹ ያን ዓይን አዩት። "ዓይኗን ተኩላ መጣች" አለች አንዷ፣ ሹክሹክታ ባልሆነ ድምፅ። "ለአባቷ ለቅሶ ተኩላ!" እሷ የሰማች አልመሰለኝም። እኔ ሰማሁ። እኔ ነኝ የኳልኳት ብዬ መጮኽ አማረኝ፤ ግን ነጠላዋን አንስቼ እስከ ቅንድቧ መልሼ ሸፈንኩላት።

ለቅሶው ሲረግብ ያቺ ስልክ ትደውልላቸው የነበረችው ጎረቤት መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እጇን ያዘቻትና፣ ለማጽናናት ብላ፣ ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

"አሥር ሰዓት ግድም ላይ ነቃ አለ" አለቻት። "ቀና አድርጉኝ አለ፤ ትራስ ደገፍንለት። ልጄ ዛሬ ቀለበቷ ነው፣ ልመርቃት፣ ደውዪልኝ አለኝ። ደወልኩ። ሦስቴ ደወልኩ። አታነሳም ስለው፣ 'ተዪያት፣ እየተኳለች ይሆናል፤ ስትጨርስ ታየውና ትደውላለች' አለ። ስልኩን ተቀብሎኝ ደረቱ ላይ አደረገው። ጠራ ወይ፣ ጠራ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። እጁን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ ነው የሄደው።"

ጓደኛዬ ወደኔ ዞረች። ያ ጥቁር አሁንም ዓይኗ ዙሪያ ነበር፤ ከዘይቱና ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ ግራጫ ሆኖ።

"የኔ ነው ብለሽኝ ነበር" አለችኝ።

"የሞቱ መስሎኝ ነው" አልኳት። "እመቤቴን! መርዶ በስልክ እንዳትሰሚ ብዬ ነው። ሌላ ሰው የደወለ መስሎኝ ነው።" አንድም ውሸት አልነበረበትም። እውነቱ ግን አሁን ለማንም የሚፈይድ አልነበረም፤ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ሰበብ ሰበብ ሸተተኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ፣ ፊቴን ብትቧጭረኝ በወደድኩ።

አልተሳደበችም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

"ጨፍኚ አልሽኝ" አለች። "ጨፈንኩ።"

ከዚያ ፊቷን መለሰች። ሳሎኑ ውስጥ አሁን ወንበሯ ላይ ሌላ ሹሩባ ሠሪ ተቀምጣለች፤ እሷ የምትሠራው ቀጥ ያለ ነው። ጓደኛዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል ተንፍሳልኝ አታውቅም።